ጎማ የሚቀብረው ሽብሩ

ሽብሩ ግራ ጆሮ አልነበረውም። በጆሮው ቦታ ከመንጋጋው ተነሥቶ ፀጉሩ ውስጥ የሚጠፋ የተጨማደደ ጠባሳ ነበር። የማያውቁት ሰዎች በጦርነት የቆሰለ ይመስላቸውና አርበኛ ነበርክ ወይ ብለው ይጠይቁታል። አልነበርኩም ይላቸዋል፤ ሌላ አይጨምርም። ጆሮውን የወሰደው ጥይት ሳይሆን የጎማ ቀለበት ነው።

ነገሩ የደረሰው ወናጎ ላይ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በየቦታው የቀሩት የወታደር ካሚዮኖች በነጋዴዎች እጅ ገብተው ቡና መጫን የጀመሩበት ጊዜ ነበር። ሽብሩ ያኔ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነው። ከቡሌ ደጋ ወርዶ ከአብሮ አደጉ ከውዳሴ ጋር ጆንያ ይሸከም ነበር። የመኪናው ጎማ ሲተነፍስም የሚያነሡትና የሚነፉት እነሱ ናቸው።

የእነዚያ መኪኖች እግር እንደ ዛሬው አይደለም። ጎማው ቸርኬው ላይ ከገባ በኋላ በአንድ ጎኑ ይዞ የሚያስቀረው ክብ ብረት አለው፤ ቀለበት ይባላል። ቀለበቱ በቸርኬው ቦይ ውስጥ ተደላድሎ ከተቀመጠ አየሩ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ጠርዙን ዝገት ከበላው ወይም ጭቃ ገብቶበት ካልገጠመ ግን ጎማው እየተነፋ በሄደ ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲወጣ የሚያየው ሰው የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው።

ያን ቀን ፖምፓውን የሚረግጠው ውዳሴ ነበር። “ሽብሩ፣ ቱቦው ተጣመመብኝ፤ አቃናልኝ” አለው። ሽብሩ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለቱ ነው ያተረፈው። ቀለበቱ የሽብሩን ጆሮ ይዞ አልፎ ውዳሴን ደረቱ ላይ አገኘው።

ሽብሩን በቃሬዛ አድርገው ያንን ሁሉ ዳገት ተሸክመው ቡሌ እናቱ ቤት አደረሱት። ማንም ይተርፋል አላለም። እናቱ ወደ ጓሮ በሚከፈተው በር አጠገብ አስተኛችው፤ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ተኛ። ከተኛበት ሆኖ የሚታየው የእናቱ የቆጮ ጉድጓድ ብቻ ነበር። የፋቀችውን እንሰት በቅጠል ጠቅልላ ጉድጓዱ ውስጥ ትከታለች፤ ከላዩ ድንጋይ ትጭንበታለች። ቆጮው እየቦካ ያብጣል፤ ድንጋዩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሽብሩ ያንን ድንጋይ እያየ ከረመ።

ሲድን ወደ ዲላ ወረደ። ዳግመኛ ጎማ ይነካል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሱ ግን ከከተማው መውጫ፣ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ዳስ ጥሎ ጎሚስታ ሆነ። ለምን ወደዚያው ተመለስክ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። “ሌላ ሥራ ጠፍቶ መሰለህ? ያ ቀለበት ለምን እንደወጣ ሳላውቅ መሞት አስጠልቶኝ ነው” አለኝ።

ከዳሱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረ። ዙሪያውን በድንጋይ ገነባው። የወታደር መኪና ጎማ ሲመጣለት ቸርኬው ላይ ከገጠመ በኋላ ቀለበቱን ወደ ታች አድርጎ እዚያ ውስጥ ያጋድመዋል። በላዩ የባሕር ዛፍ ግንድ ያጋድምበታል፤ በግንዱ ላይ ደግሞ ብቻውን የማያነሣውን ድንጋይ በሰው ያስጭናል። የፖምፓውን ቱቦ በሌላ ቱቦ ቀጥሎ አስረዝሞታል። የሚነፋው ሰው ጓሮ ከተተከለው እንሰት ጀርባ ቆሞ ነው የሚረግጠው፤ ጎማውን አያየውም።

በዚህ ምክንያት ያልሳቀበት ሾፌር የለም።

“ሽብሩ፣ ቆጮህ ደረሰ ወይ?” ይሉታል ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ።

“ቡላውን ለእኔ አስቀምጥልኝ!”

“ጥርስህን ይዘህ እንድትበላው ነው የምደክምልህ” ይላል ሽብሩ ቀና ሳይል።

ከሁሉ የባሰው ፈለቀ ነበር፤ የነጋዴው የባህሩዲን ሾፌር። “ይኼ ሰውዬ እኮ ጎማ ይቀብራል!” ይላል መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። “ተዝካሩንስ መቼ ነው የምታወጣለት? እኔም እንዳልቀር ንገረኝ!” ሌሎቹ ደፋር ያልሆኑት በግራ በኩል ሆነው፣ በማይሰማው ጎኑ ይሰድቡታል። እሱም ከፊታቸው ላይ ያነበዋል መሰለኝ፣ ዞር ብሎ ፈገግ ይልላቸው ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን የባህሩዲን መጋዘን ውስጥ ቡና ጫኝ ነበርኩ። ጎማ ይዤ ወደ ሽብሩ በተላክሁ ቁጥር ሥራውን እመለከታለሁ። የወታደር ጎማ እልኸኛ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የደረቀ፣ ከንፈሩ እንደ ቀንድ የጠጠረ፣ አንዱን ጎን ስታስገባው ሌላው ጎን የሚዘል ነገር ነው። ሌላው ጎሚስታ በመዶሻ ሲደበድበው ይውላል። ሽብሩ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያ ከእንሰት ፍቅፋቂ የወጣውን የሚያዳልጥ ውኃ ከንፈሩን ይቀባዋል። በጉልበቱ ተጭኖ፣ በመፈልቀቂያው ብረት ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ሲያስቸግር ተወት እያደረገ ያስገባዋል። አየሩን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪው፣ እንዳይቆነጠጥ ጣቱን ሰዶ ዙሪያውን ይዳስሳል። ቀለበቱን ከማስገባቱ በፊት አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ያስኬዳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያስኬደው።

የእንሰቱን ውኃ የምታዘጋጅለት ሚስቱ ማንጠግቦሽ ነበረች። አባቷ ከሰሜን ከወታደር ጋር መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው ነው፤ እሷ እንሰት መፋቅ የተማረችው ከአማቷ ዘንድ ነው። “እኔ ለፀጉሬ የምቀባው አጥቼ የእሱ ጎማ ይወዛል” እያለች ታስቀን ነበር። ወንድሟ ከፈለኝ በባህሩዲን መጋዘን የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ኮቱን ሳይለብስ ከቤት የማይወጣ፣ ቁጡ፣ እህቱን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው። ሽብሩ ሽማግሌ በላከ ጊዜ “እህቴን ለጎማ ቀባሪ?” ብሎ ነበር። ከተጋቡ በኋላ ግን ለስላሳ ሆነ። እሑድ እሑድ እዚያ ነው የሚበላው። ሽብሩን “ዋርሳዬ” እያለ በቀኝ በኩል ተቀምጦ ያጫውተው ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የበልጉ ዝናብ አላባራ አለ። አገሩ ያኔ ደራሳ አውራጃ ይባላል። ወደ ይርጋለም የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ አውቶቡሱ ቆመ፤ ትላልቆቹም ካሚዮኖች በየቁልቁለቱ ሰምጠው ቀሩ። ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት በዚያ ሳምንት ነው። ምጡ ሲጸናባት የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣ። አይቷት ሲወጣ እጁን እየታጠበ፣ “ልጁ ተጋድሟል። ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ይርጋለም ሆስፒታል አድርሷት፤ ዛሬውኑ” አለ።

ያንን ጭቃ የሚያልፍ አንድ መኪና ብቻ ነበር፤ እግሮቹ ሁሉ የሚጎትቱት የባህሩዲን የወታደር ካሚዮን። የፊት እግሩ ደግሞ ተፈትቶ ሽብሩ ዳስ ሥር ነው ያለው። ጎማው አርጅቶ ፈንድቶበት አዲስ እንዲገባለት ተሰጥቶት ነበር፤ ትርፍ እግር የለውም። ባህሩዲን ነጠላውን እንዳጣፋ በዝናብ መጣ። “ሽብሩ፣ ወንድሜ፣ መኪናው ያንተ ነው። ቡናው ይበስብስ። አንተ ብቻ እግሩን ግጠምለት” አለው። ሚስቱ ሀዲጃም ልትሸኛት ልብስ ይዛ መጣች። ፈለቀ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀ። እኔ፣ ከፈለኝና የመጋዘኑ ልጆች ልናግዝ መጣን።

ጎማው ግን አልገባ አለ። ፀሐይ የለ፣ ምን የለ፤ ብርዱ እንጨት አድርጎታል። ሽብሩ ማንጠግቦሽ ቀድማ ያዘጋጀችለትን የእንሰት ውኃ በእጁ እየቀባ ይታገለው ጀመር። ከቤት ውስጥ ጩኸቷ ይሰማል። ሽብሩ ከወትሮው ቦታው ተነሥቶ ዞሮ ተቀመጠ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ጆሮ የሌለውን ጎኑን ወደ ቤቱ አድርጎ ነው የተቀመጠው።

እንደ ምንም ገባ። ሽብሩ ቀለበቱን አነሣና አውራ ጣቱን በጠርዙ አስኬደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መለሰና እንደገና አስኬደው።

“ከፈለኝ፣ ና እስቲ ዳስስ።”

“ምኑን ነው የምዳስሰው?”

“በልቶታል። ዝገቱ በልቶታል፤ እዚህ ጋ።”

ፈለቀ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ “ኧረ ሽብሩ! በዚሁ ቀለበት አይደል እንዴ አዲስ አበባ ስመላለስ የኖርኩት!” አለ።

“ሌላ ቀለበት አለህ?”

“ከየት አመጣለሁ?”

“እንግዲያው ጉድጓድ ይገባል” አለ ሽብሩና ተነሣ። ተከትለነው ወደ ዳሱ ጀርባ ሄድን። ጉድጓዱ እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ ነበር።

ሽብሩ ባልዲ አነሣና መቅዳት ጀመረ። ከፈለኝ እዚያው ቆሞ አየው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ጉድጓዱን ላደርቀው ነው። ጎማው ውኃ ውስጥ ከገባ አይደላደልም፤ ድንጋዩም ይንሸራተታል።”

“እህቴ እየሞተች አንተ ውኃ ትቀዳለህ?”

“ብዙ አይቆይም፣ ዋርሳዬ። አግዘኝ።”

“ዋርሳዬ አትበለኝ! አንተ ሰው ነህ? ይህችን ጩኸት አትሰማም?”

ከፈለኝ ተመልሶ ሮጠ። ኮቱን አውልቆ ጭቃው ላይ ወረወረው። ፖምፓውን ከግድግዳው አነሣ፣ አጭሩን ቱቦ ሰካበት፣ ጎማውን እዚያው ደጅ ላይ እንደተጋደመ መንፋት ጀመረ። በአጭሩ ቱቦ የሚነፋ ሰው ከቀለበቱ አንድ እርምጃ አይርቅም። ሽብሩ ባልዲውን ጥሎ መጣ። ተንበረከከና ከጎማው አፍ ላይ አየሩን የምትዘጋውን ትንሿን ብረት ፈትቶ ነቀላት። አየሩ እየተንፏፏ ወጣ። ብረቷን ኪሱ ከተተ።

“አንተ እዚህ ላይ ቆመህ አትነፋም” አለው።

ከፈለኝ በጥፊ መታው፤ ጠባሳው ላይ ነው ያረፈበት። ሽብሩ እጁን አላነሣም። ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደና ባልዲውን አነሣ። እኛም ያገኘነውን ቆርቆሮና ድስት ይዘን ተከተልነው። ውኃው ሲያልቅ ከጎን እየመነጨ ያስቸግረን ነበር። በመጨረሻ እሱ ራሱ ገብቶ ጠጠር አለበሰው። ትንሿን ብረት ከኪሱ አውጥቶ ወደ ቦታዋ መለሳት። ጎማውን አወረድን፣ ግንዱን አጋደምን፣ ድንጋዩን ጫንን። ከእንሰቱ ጀርባ ሆነን እየተፈራረቅን ነፋን። ከሁላችን አብልጦ የረገጠው ከፈለኝ ነው። እያለቀሰ ነበር የሚረግጠው።

ቀለበቱ አልወጣም። ጎማው ተነፍቶ፣ ደህና ሆኖ፣ ጭቃ ለብሶ ከጉድጓዱ ወጣ። መኪናው ላይ ስንገጥመው ቀኑ ወደ ማምሻው አዘንብሎ ነበር። ማንጠግቦሽን በፍራሽ አድርገን ከኋላ አሳፈርናት። ሽብሩ፣ ከፈለኝና ሀዲጃ አብረዋት ወጡ። ሸራው ተወጠረ፤ ሄዱ።

በማግስቱ መኪናው ሲመለስ ከሩቅ አየነው። ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። ፈለቀ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም፤ በዚያ አወቅን። ከይርጋለም መገንጠያው፣ ከአፖስቶ፣ ሳይደርሱ ከነልጇ አርፋለች።

ለቅሶው ላይ ከፈለኝ ከድንኳኑ መካከል ተነሣ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ጎማ ሲቀብር ዋለና እህቴን ቀበራት!” አለ። ባህሩዲን እጁን ይዞ፣ “አስተግፊሩላህ፣ ከፈለኝ፣ ተው። በለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም” ቢለው አልሰማም። ሽብሩ በቀኝ ጆሮው በደንብ ሰምቶታል። ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ጥቂት ከርሞ ሽብሩ ወደ ቡሌ ወጣ። ማንም ሳይከስሰው በራሱ ፈቃድ ሶንጎ ፊት ቆመ። ሶንጎ ማለት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነገር የሚፈቱበት ሸንጎ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። የቀረ አንድ ቃል አለኝ፤ እሱን ግን የምናገረው ከፈለኝ ፊቴ ሲቀመጥ ነው አለ። ሽማግሌዎቹም፣ “ያንተን ሰማን። እሱ መጥቶ ካልሰማ ግን ነገሩ አይፈታም” አሉትና ወደ ከፈለኝ ላኩ።

“እኔ ዛፍ ሥር የምከሰስበት ነገር የለኝም” አለ ከፈለኝ።

“የምትከሰሰው አንተ አይደለህም፤ ከሳሹ አንተ ነህ” አሉት መልእክተኞቹ።

“እንግዲያው ክሴን ለእግዜር ሰጥቻለሁ በሏቸው።”

ደጋግመው ላኩበት። አልመጣም። ነገሩ ሳይፈታ እንደተቋጠረ ቀረ።

ያ ቀለበት ግን መዞሩን አላቆመም። ምትክ ስላልተገኘለት ፈለቀ በእሱው ቡና ይመላለስ ነበር። መኪናው በመጋዘኑ በር ባለፈ ቁጥር ከፈለኝ ከሚዛኑ ቀና ይልና፣ “ይኸው! ይፈነዳል የተባለው ይኸው ይዞራል!” ይላል። ይህን የሚለው ለማንም አይደለም። እኛም ጆንያችንን ይዘን ቀስ ብለን እንወጣለን። ጎማው ለጥገና ወደ ሽብሩ ሲመለስ እኔ ነኝ ተሸክሜ የምወስደው። ሽብሩ ያንኑ ቀለበት በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል፤ ያው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ጉድጓድ ያስገባዋል። የሚቀልድበት ሾፌር አልነበረም። ፈለቀ እንኳ ጎማው እስኪነፋ ድረስ ኮፍያውን አውልቆ ይቀመጣል። ቀልዱ ቢመለስ እመርጥ ነበር።

ሽብሩ ሌላ ሚስት አላገባም። የእንሰቱን ውኃ ራሱ ማዘጋጀት ተማረ። እሷ ውኃውን ታስቀምጥበት የነበረውን ማሰሮ ግን ከቦታው አላነሣውም።

ከፈለኝ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ታሞ ሞተ። ሽብሩ ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ አፈር ሊያለብስ አልቀረበም። ያን ዕለት ሲመለስ ተከትዬው ዳሱ ሥር ተቀመጥኩ፤ በቀኝ በኩል። ለሶንጎ ያስቀመጥከው ቃል ምን ነበር አልኩት። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። የተናገረውን እንደተናገረው አስቀምጬዋለሁ፦

“ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ሀዲጃ እንቅልፍ ጥሏታል። ከፈለኝ በእግሯ በኩል ሆኖ ዝናቡ እንዳይመታት ሸራውን ይዟል፤ በሞተሩ ድምፅ የምንለውን አይሰማም። ማንጠግቦሽ በዚህች በደህናዋ ጆሮዬ ጠራችኝና ‘ወንድሜ ነበር የሚነፋው?’ አለችኝ። ስንጣላ ከቤት ሆና ሰምታናለች። ‘አዎ፣ ግን ከእንሰቱ ጀርባ ቆሞ ነው’ አልኳት። ‘ጉድጓድ አስገብተኸዋል?’ አለች። ‘አስገብቼዋለሁ’ አልኳት። ‘ደግ አደረግህ’ አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ይህን ልነግረው ነበር ወደ ሶንጎ ያስጠራሁት። መንገድ ላይ ብነግረው ራሴን ለማዳን የሞተች ሴት ምስክር የቆጠርኩ ይመስለዋል። እዚያ ቢሆን ግን፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጬ ብነግረው፣ ያምነኝ ነበር። ቀለበቱ ይወጣ ነበር ወይ አትበለኝ፤ አላውቅም። ቶሎ ብንሄድ ትድን ነበር ወይ አትበለኝ፤ እሱንም አላውቅም፣ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ውዳሴ ሲሞት ማንም አላየውም፤ እኔም እዚያው ወድቄ ነበር። እሷ ግን ስትሄድ ባሏም ወንድሟም በሙሉ አካላችን አጠገቧ ነበርን፤ ሁለታችንንም አይታ ነው የሄደችው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ከፈለኝ ይህን ሳያውቅ መሞቱ ነው የሚቆጨኝ።”